ስቴንት ከገባ በኋላ፦ ሁለቱን ክኒኖች መምረጥና ሳያቋርጡ እስከ ቀናቸው ማድረስ

አንድ አባት ከዘጌ መጡ። ፌስታላቸውን የፋርማሲው መስኮት ላይ ገለበጡት። አስፒሪን አለ። የኮሌስትሮል ክኒን አለ። የግፊትም አለ። ክሎፒዶግሬል ግን የለም።

«አባቴ፣ ሮዟ ክኒንስ?»

«እሷንማ ጨረስኳት የኔ ልጅ። ሠላሳውንም አንድ ሳላጎድል ነው የዋጥኩት።»

ስቴንቱ፣ ማለትም የጠበበውን የልብ ደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዘው መረብ፣ ከገባላቸው ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

እኔ ባህር ዳር ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን የምጽፈው እኚህን የመሰሉ ሰዎች ስለበዙብኝ ነው። ቸልተኞች አይደሉም። እንደ አሞክሳሲሊን «ጨረስኩ» ብለው ነው የሚያቆሙት። የስቴንት መድኃኒት ግን ስትሪፑ ስላለቀ አያልቅም። የሚያልቀው ቀኑ ሲደርስ ነው።

ሁለቱ ክኒኖች ስል አንዱ አስፒሪን ነው። ሁለተኛው ከክሎፒዶግሬል፣ ከቲካግሬሎር ወይም ከፕራሱግሬል አንዱ ነው። ሰው ሁሉ «ደም ማቅጠኛ» ይላቸዋል እንጂ ደሙን አያቀጥኑትም። ፕላትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ነው የሚያደርጉት። ስቴንት የብረት መረብ ነው። ሰውነት ከውስጥ በኩል እስኪያለብሰው ድረስ ፕላትሌቶች እንደ ባዕድ ቆጥረው ይሰበሰቡበታል። ደም ከረጋበት ቧንቧው ድንገት ድርግም ይላል። ሰው የሚሞተውም ያኔ ነው። ከሁሉም የሚያስፈራው የመጀመሪያው ወር ነው።

መድኃኒቱን የሚመርጠውም የሚያቆመውም የልብ ሐኪሙ ነው። ይህ ጽሑፍ የእሱን ቦታ አይወስድም። ሐኪሙ ግን ቤታችሁን አያውቀውም። እናታችሁ ፍልሰታን ምንም ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት እንደሚቆዩ አያውቅም። ከደሴት ከተማ ለመግባት ጀልባ እንደሚጠበቅም አያውቅም። እሱን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 1፦ ከሆስፒታል ሳትወጡ አምስት ነገር አስጽፉ

1. ስቴንቱ ለምን እንደገባ። ሃርት አታክ ወይም ድንገተኛ የደረት ሕመም ተከስቶ ነው? ወይስ ዳገት ሲወጡ ደረት ስለሚያማቸው በቀጠሮ? የመድኃኒቱ ዓይነትም የጊዜው ርዝመትም ከዚህ ይነሳል።
2. የገባበት ቀን።
3. ስንት ስቴንት እንደገባና የትኛው ቧንቧ ላይ እንደሆነ።
4. የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ።
5. ሁለተኛው ክኒን የሚቆምበት ቀን፣ ከነሚደወልበት ስልክ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ወረቀቱ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ኦክቶበር 20, 2025 የሚለውን ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ማንም አያስታውሰውም። እዚያው ቁጭ ብላችሁ «ጥቅምት 10 ቀን 2018» ብላችሁ ጻፉበት። አሥራ ሁለት ወር ከተባለ ጥቅምት 10 ቀን 2019 ነው። በቃ፣ ይህን የግድግዳው ካላንደር ላይ ለጥፉት።

ሰዓቱም እንደዚሁ ያሳስታል። ውጭ አገር ታክመው የመጡ ሰዎች ወረቀት ላይ «8 ጠዋት፣ 8 ማታ» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ማለት ነው። በቀጥታ አንብበው ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት አላርም እየሞሉ ሲቸገሩ የከረሙ ቤተሰብ አውቃለሁ። መድኃኒቱስ በ12 ሰዓት ልዩነት ተወስዷል፤ እንቅልፍ ነው የጠፋው።

*ወረቀቱ ከጠፋ ወይም ሳታስጽፉ ከወጣችሁ፦* ወደ ሠራው ሆስፒታል ደውሉና የመውጫ ሪፖርቱን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። እስኪመጣ ድረስ ምንም መድኃኒት አታቁሙ።

ደረጃ 2፦ ደም የመፍሰስ ዕድሉን ቁጠሩ

ምርጫው ሁልጊዜ በሁለት ስጋት መካከል ነው። ክኒኑ ካነሰ ስቴንቱ ይዘጋል። ከበዛ ጨጓራ ወይም ጭንቅላት ይደማል። ስለዚህ መድኃኒት ከመመረጡ በፊት የደም ቆጠራና የኩላሊት ምርመራ ውጤት በእጃችሁ ይኑር።

ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ካለ ሰውየው ለመድማት በጣም የተጋለጠ ነው፦

- ሄሞግሎቢን ከ11 በታች
- ፕላትሌት ከ100,000 በታች
- በጣም የደከመ ኩላሊት
- ዋርፋሪን ወይም መሰል የደም መርጋት መከላከያ ለረጅም ጊዜ መውሰድ
- ባለፈው ስድስት ወር ደም ፈሶት ሆስፒታል መተኛት ወይም ደም መቀበል
- ከዚህ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ
- በሕክምና ላይ ያለ ካንሰር
- የጉበት መጠንከር ከተወጠሩ የሆድ ደም ሥሮች ጋር

እነዚህ ደግሞ ሁለት ሲሆኑ ይቆጠራሉ፦ ዕድሜ 75 እና ከዚያ በላይ፣ መጠነኛ የኩላሊት ድካም፣ መለስተኛ የደም ማነስ፣ የቁርጥማት ክኒን ወይም ስቴሮይድ አዘውትሮ መውሰድ።

ሐይቁ ዳር ላደገ ሰው አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ቢልሃርዝያ ታሞ ያውቃል? ጣና ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዝያ ያለበት አገር ነው። ዓሣ አስጋሪው፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ እግሩን ነክሮ የሚውለው ገበሬ፣ ልጅ ሆኖ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ያደገው ሁሉ ሊይዘው ይችላል። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል። ጣፊያ ሲያብጥ ፕላትሌት ይወርዳል። የምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። እነሱ በፈነዱ ቀን ሰው ደም በሳህን ያስመልሳል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ሁለት ክኒን ደርቦ መጀመር ትልቅ ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሐኪም ይህን ላይጠይቅ ይችላል። ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። የሆድ አልትራሳውንድ ይታዘዝልን በሉ።

ጨጓራም አለ። «ጨጓራዬን ያመኛል» የማይል ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ጥቁር ሰገራ ወጥቶ ያውቃል? ቁስለት አለ ተብሎ ያውቃል? የጨጓራ ባክቴሪያ ተመርምሮ ታክሟል? አዎ ከሆነ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛውን ክኒን ምረጡ

አስፒሪኑ ብዙም አያከራክርም። በቀን አንድ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ነው። ለራስ ምታት የሚገዛው ባለ 300 ወይም ባለ 500 አይደለም። «ያው አስፒሪን ነው» ተብሎ ትልቁን በየቀኑ መዋጥ መድማትን ይጨምራል እንጂ ስቴንቱን የበለጠ አይጠብቅም።

ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊግራም ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይወሰዳል። ስቴንቱ በቀጠሮ ለገባለት ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ከሃርት አታክ በኋላም ለመድማት ለተጋለጠ፣ ዋርፋሪን ለሚወስድ ወይም ሌሎቹን ማግኘት ለማይችል ይሰጣል። ከሦስቱ በርካሽም በቀላሉም የሚገኘው እሱ ነው። ድክመት አለው። የሚሠራው ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው ሰውነቱ በደንብ አይለውጠውም፤ ለእሱ ክኒኑ ይደክማል። አንድም ቀን ሳያቋርጥ እየዋጠ ደረቱን እንደገና ያመመው ሰው ይህን ለሐኪሙ ማንሳት አለበት።

ቲካግሬሎር 90 ሚሊግራም ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ከሃርት አታክ በኋላ፣ መድማት የማያሰጋው ሰው ላይ፣ ከክሎፒዶግሬል ይመረጣል። ቶሎ ይሠራል፣ ጠንከር ይላል። ግን ቶሎም ይለቃል። ጠዋትና ማታውን የዘለለ ሰው መከላከያው ላልቷል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ለሚያውቅ አይሰጥም። አብሮት የሚወሰደው አስፒሪን ከ100 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። አንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ እያደር ይተዋል። ይህን ያልተነገረው ሰው «ልቤ ደከመ» ብሎ በድንጋጤ ያቆመዋል። አታቁሙ፤ ደውሉ። እግር ካበጠ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ካቃተ ግን በዚያው ቀን ይታይ።

ፕራሱግሬል እኛ ጋ እምብዛም አይታይም። 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ስትሮክ ታሞ ለሚያውቅ ፈጽሞ አይሰጥም። ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ በአብዛኛው አይመከርም። ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ወደ 5 ይቀነሳል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። በወረቀት ላይ ጠንካራ የሆነው ክኒን በሁለተኛው ወር ከጠፋ ወይም ዋጋው ካልተቻለ ጠንካራ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚገኘው ይሻላል። ስለዚህ ሐኪሙ ማዘዣውን ሳይጽፍ በፊት ቤተሰብ ባህር ዳር ላለ ሰው ይደውልና ሦስት ፋርማሲ ይጠይቅ። አለ? ስንት ነው? በየወሩ ይገባል? መልሱን ይዛችሁ ሐኪሙን «ይህን አሥራ ሁለት ወር መግዛት አንችልም፤ ሌላ መንገድ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ከሃርት አታክ በኋላ የመጀመሪያውን ወር በቲካግሬሎር አሳልፎ ወደ ክሎፒዶግሬል መውረድ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ አካሄድ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* መቀየሪያውን ራሳችሁ አትሥሩት። ከቲካግሬሎር ወደ ክሎፒዶግሬል ሲኬድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን መጠን ከ75 እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ከመጨረሻው ቲካግሬሎር በኋላ የሚሰጥበት ሰዓትም ይቆጠራል። ከፋርማሲ «እሱ የለም፣ ይሄን ውሰድ» ከተባላችሁ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።

*ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆነ፦* በሩማቲክ ምክንያት የልብ ቫልቩ ጠቦ፣ ምቱ ተዛብቶ ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው እኛ አገር ብዙ ነው። ስቴንት ሲገባለት ሦስት መድኃኒት ይደራረባል። ሦስቱ አብረው የሚቆዩት በአብዛኛው ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ቢበዛ እስከ አንድ ወር ነው። ከዚያ አስፒሪኑ ይወጣል፤ ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ይቀራሉ። ስለዚህ አስፒሪን የሚወጣበት ቀን ተጽፎ ካልተሰጣችሁ ከክፍሉ አትውጡ። ለሦስት ወር ሦስቱንም ሲውጥ ከርሞ ፊቱ ነጭ ወረቀት መስሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ የማብቂያውን ቀን ቁረጡ

የተለመደው ይህ ነው። ከሃርት አታክ በኋላ 12 ወር። በቀጠሮ ለገባ ስቴንት 6 ወር። ለመድማት የተጋለጠ ሰው ሐኪሙ ወደ 3 ወይም ወደ 1 ወር ሊያሳጥርለት ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ አስፒሪኑን አስቁሞ ቲካግሬሎርን ብቻውን ያስቀጥላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ አትደንግጡ። ቀኑ ግን ተጽፎ ይሰጣችሁ። «ለጊዜው ቀጥል» የሚባል ቀን የለም።

ደረጃ 5፦ ጨጓራውን ጠብቁ፣ መደርደሪያውን ፍሩ

ሁለቱን ክኒኖች የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ወይም ጨጓራው የሚያስቸግር፣ የአሲድ መቀነሻ ይታዘዝለታል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ክሎፒዶግሬልን ያደክማሉ፤ ጉበት ውስጥ እንዳይለወጥ መንገዱን ይይዙበታል። ፓንቶፕራዞል ይሻላል። ኦሜፕራዞል በየፋርማሲው እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ክሎፒዶግሬልና ኦሜፕራዞል በአንድ ከረጢት አስሬ ሰጥቻለሁ። ማታ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ነጋ ስል ደውዬ አስቀየርኩ። ስለዚህ እኛንም አትመኑ፤ ጠይቁን።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

- ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ። ክኒኑም፣ መርፌውም። ወገቤን አመመኝ ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው መቀመጫው ላይ ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ነው የሚወጣው። «ስቴንት አለኝ፣ አትውጉኝ» በሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌን ከመድማቱ በላይ አስፒሪኑንም ሥራውን ይከለክለዋል።
- ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ሕክምና ውስጥ ክላሪትሮማይሲን አለ። ከቲካግሬሎር ጋር አብሮ አይወሰድም። ኦሜፕራዞሉም አብሮት ስለሚመጣ ክሎፒዶግሬል የሚወስደውም ሰው አያመልጥም። ሕክምናው ይቻላል፤ ክኒኖቹ ግን ይቀየራሉ።
- የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ሁለቱንም ያዛባል። ቲካግሬሎርን ያደክመዋል፣ ክሎፒዶግሬልን ደግሞ ያጠነክረዋል። የሚጥል በሽታ ክኒኖች ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም ቲካግሬሎርን ያደክማሉ። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ተቃራኒውን ያደርጋል። ለምትታከሙበት ክፍል ሁሉ ንገሩ።
- ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወጥ ውስጥ ሲገባ ችግር የለውም። ተወቅጦ በማንኪያ፣ በየጠዋቱ «ለልብ ነው» ተብሎ ሲወሰድ ግን መድማት ሊጨምር ይችላል።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር አስማሙ

ክሎፒዶግሬልና አስፒሪን ቀላል ናቸው። ማታ 1 ሰዓት ከራት ጋር ውሰዱ። ዐቢይ ጾም ይሁን ፍልሰታ፣ ቅዳሴም ቁርባንም አይነካውም። ጠዋት መውሰድ የለመደ ሰው ጾም ሲገባ ሰዓቱን ማዛወር ከፈለገ ከአንድ ቀን በላይ ክፍተት እንዳይፈጠር ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቅ።

ቲካግሬሎር ነው ጣጣው። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይሁን። የጠዋቱ በጾም ቀን በጉንጭ ውኃ መዋጥ አለበት። ይህን ከጾሙ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ በሽተኛን ሃይማኖቱም አያስጨንቅም። ረመዳን የሚጾም ሰው ኢፍጣር ላይና ሱሁር ላይ ሊወስደው ይችል ይሆናል፤ እኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ስለሚቀራረብ ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ሱሁሩን ወደ ንጋት አዘግዩ። ያም ቢሆን ሐኪሙ ይወቅ። ሁለቱም ካልተመቸ ይህ ራሱ ክሎፒዶግሬልን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደረጃ 3 ላይ ሳላችሁ አንሱት።

ጸበል የሚሄዱ ሰዎችን «ሂዱ» ነው የምላቸው። ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ሱባኤ ሲገቡ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ቁጠሩና በዚያ ልክ፣ ሲደመር አምስት ፍሬ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ቋጥሩ። ደሴት ላይ ፋርማሲ አገኛለሁ አትበሉ።

ደረጃ 7፦ አያልቅባችሁ

ሕጉ አንድ ነው። 14 ፍሬ ሲቀር ግዙ። ሁለት ፍሬ ሲቀር ስልክ የሚደውል ሰው ያስቸግራል፤ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፣ ጀልባ ቀርቶ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ይሆናል። አቅም ካለ የአንድ ወር መጠባበቂያ ያዙ። የሚያበቃበትን ቀን እያያችሁ አሮጌውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው። በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። በየወሩ የተለየ ካርቶን ሊመጣ ይችላል፤ ውስጡ ግን ያው ክሎፒዶግሬል ነው። ሁለት ካርቶን ሁለት መድኃኒት መስሏቸው ከሁለቱም አንድ አንድ የዋጡ እናት ነበሩ። ክንዳቸው በሙሉ በልዞ ነው የደረስንበት። አዲስ ካርቶን ሲመጣ የአሮጌውን ባዶ ስትሪፕ ይዛችሁ ኑና እናስተያየው።

በኪስ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ይኑር፦ «ስቴንት አለብኝ። እነዚህን እወስዳለሁ። ያለ ልብ ሐኪም አታስቁሙኝ።» ቀኑና ስልኩም ይጻፍበት።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ

*አንድ ፍሬ ከተረሳ።* ክሎፒዶግሬል ከሆነና 12 ሰዓት ካላለፈ ወዲያው ዋጡት። ካለፈ ተዉትና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ውሰዱ። ቲካግሬሎር ከሆነ የሚቀጥለውን በሰዓቱ። ሁለት ደርባችሁ አትዋጡ።

*ለቀናት ከተቋረጠ።* በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። «ዛሬ ጀምሬያለሁ» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም፤ ስቴንቱ አዲስ ከሆነ ከፍ ባለ መጠን መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። የዘጌውን አባት ያን ቀን ከመስኮቱ ሳይርቁ ነው ልጃቸውን ጠርተን በባጃጅ ሆስፒታል የላክናቸው።

*ካስመለሰ።* ክኒኑ ሳይሟሟ ከታየ አንድ ድገሙ። ካልታየ አትድገሙ። ማስመለሱ ከቀጠለ ሐኪም ጋ ሂዱ።

*ነስር ከመጣ።* ቁጭ በሉ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ሳትለቁ 15 ደቂቃ ቆንጥጡ። ወደ ኋላ ማቃናት ደሙን ያስውጣችኋል እንጂ አያቆመውም። የድድ መድማትና ትናንሽ በለዝ ያጋጥማል፤ ክኒን አያስቆምም።

*ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ።* ሰገራ እንደ ቅጥራን ሲጠቁር። እንደ ቡና አተላ ያለ ነገር ሲያስመልስ። ሽንት ሲቀላ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ ወይም አንድ ጎን ሲደክም። ክኒኖቹን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው በብረቱ ምክንያት ሊጠቁር ይችላል፤ ያንንም ንገሩ፣ መርማሪው ይለየው።

*ወባ ከያዘ።* ሐይቁ ዙሪያ ይህ ሩቅ አይደለም። ወባ ፕላትሌትን ያወርዳል። ሁለቱን ክኒኖች በላዩ የሚወስድ ሰው የደም ፊልም ብቻ ታይቶ አይሸኝ፤ ሙሉ የደም ቆጠራ ይሠራለት። ውጤቱ ለልብ ሐኪሙ ይነገር።

*ጥርስ ማስነቀል።* «አምስት ቀን አቁምና ና» ከተባላችሁ እንዳትሰሙ። ጥርስ ክኒኖቹ ሳይቆሙ ይነቀላል። ጠዋት ይሁን፣ አንድ አንድ ጥርስ ይሁን፣ ጥጡ በደንብ ይነከስ። ካልተስማማችሁ ሁለቱን ሐኪሞች በስልክ አገናኙ።

*ኦፕራሲዮን።* ቡአም ይሁን እንቅርት ወይም ፕሮስቴት፣ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ይጠብቅ። በቀጠሮ ለገባ ስቴንት 6 ወር፣ ከሃርት አታክ በኋላ 12 ወር። ከዚያ በፊት የግድ ከሆነ የልብ ሐኪሙ ይወስናል፤ በመጀመሪያው ወር ግን ነፍስ ለማዳን ካልሆነ አይነካም። እንዲቆም ሲወሰን ክሎፒዶግሬል 5 ቀን፣ ቲካግሬሎር ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ፕራሱግሬል 7 ቀን ቀድሞ ይቆማል። አስፒሪኑ በአብዛኛው ይቀጥላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይቆም ይሠራል።

*ደረት ካመመ።* ጫና ያለው፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ጨጓራ ነው ብላችሁ ወተት አትጠጡ። ማንም ሳይጠበቅ ሆስፒታል። አለርጂ ወይም የሚፈስ ደም ከሌለ አስፒሪን ወደ 300 ሚሊግራም ያህል አኝኩ። ባለ 100 ከሆነ ሦስት ፍሬ ነው። ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ስቴንት አለው» ይሁን። ሁለተኛው፣ ክኒን ተቋርጦ እንደሆነ፣ እሱ ይሁን። እንቆጣለን ብላችሁ አትደብቁ።

ደረጃ 9፦ ቀኑ ሲደርስ

ካላንደሩ ላይ የለጠፋችሁት ቀን ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ያዙ። ሐኪሙ የደም ቆጠራውን አይቶ ሁለተኛውን ክኒን ያቆማል ወይም ያራዝማል። ብዙ ስቴንት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ደም ሳይፈሰው የቆየ ሰው ሊራዘምለት ይችላል።

የሚቆመው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ አስፒሪኑ፣ በዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ከክፍሉ ስትወጡ ሁለቱንም ስትሪፖች አውጡና «የትኛው ነው የቆመው?» በሉ። ሐኪሙ በጣቱ ያሳያችሁ። የቆመውን እዚያው ከፌስታሉ አውጥታችሁ ለብቻው ያዙት።